ያልደበቅኩት ዘይት

ሞኝ መሆኔን መደበቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ገበያ ወጥቼ ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ጫማ ገዝቼ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ያውም ያወቅኩት ሁለት ቀን ከተጫማሁት በኋላ ነው። አንዴ ደግሞ ሲሬ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ መሥሪያ ቤት ለመግባት መኪና ስጠብቅ አረፈድኩና ቀኑ እሁድ መሆኑ የገባኝ ከቸርች የሚመለሱትን ሰዎች ልብስ አይቼ ነው። እነዚህን ሁሉ ለማንም አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማንም ሳይመታኝ፣ ማንም ሳይከሰኝ፣ ያላጠፋሁትን ጥፋት ተነስቼ አጥፍቻለሁ ብዬ የተናዘዝኩበትን ቀን ግን እስካሁን ሳቅ አድርጌ ማውራት አልቻልኩበትም። እስቲ አሁን ልሞክር።

ሥራዬ ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዋጋ መጠየቅ ነው። በየወሩ ነቀምት ገበያ፣ ከዚያ ሲሬ፣ ከዚያ ቢላ እየዞርኩ ጤፍ ስንት ነው፣ ሽንኩርት ስንት ነው፣ ዘይት ስንት ነው እያልኩ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ። አልገዛም። ጠይቄ፣ ጽፌ፣ አመስግኜ እሄዳለሁ። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "ዋጋ መጣ" ይባባላሉ። ነቀምት ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "አንተ በጻፍክ ቁጥር ነው የሚጨምረው። እስቲ አንድ ወር አትጻፍና እንየው" ብላኝ ታውቃለች። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ለአንድ ሌሊት ያህል አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ይሄን ሥራ የሠራ ሰው የሀገር ኢኮኖሚ ያበላሸው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስላችኋል። እኔ የማውቀው ማን እንዳላበላሸው ነው። ቸርቻሪው አከፋፋዩ ነው ይላል። አከፋፋዩ ዶላር ነው ይላል። ገበሬው ማዳበሪያ ነው ይላል። ሾፌሩ ቤንዚን፣ ቤንዚን ቀጂው መንገዱ፣ መንገዱ ላይ የቆመው ደግሞ እኔን ምን አገባኝ ይላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ስዞር "እኔ ነኝ የጨመርኩት" ያለኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ዋጋው እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሁላችንም እንደበደብ ነበር።

ባለቤቴና ሁለቱ ሴት ልጆቼ አዳማ ናቸው። መንገዱ አላስተማምን ባለ ጊዜ "ለጊዜው" ተባብለን ነው የሄዱት። ለጊዜው የተባለው ነገር አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ አለኝ። ምግብ ውጭ ነው የምበላው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አወራለሁ፤ የማወራው ግን "ስንት ነው?" ብቻ ነው። ማታ ስገባ አንዳንዴ ድምፄ እንዳለ ለማረጋገጥ ብዬ ማንቆርቆሪያውን "እሺ፣ አንተስ እንዴት ዋልክ?" እለዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ ባይሆን ያፏጫል።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። ግማሹን ሰፈር ያዋለዱ ስለሆኑ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ጥሎኝ መርፌ እየመጡ ወጉኝ። ስድን "ኢልመ ኮ፣ ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ቤት እንጸልያለን። ሻይ አለ፣ ሰውም አለ" አሉኝ። ኢልመ ኮ ልጄ ማለታቸው ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ አልኳቸው፣ ያውም የመስቀልና የፋሲካ ብቻ። "ሻዩ አይለይም" አሉ።

ሄድኩ። ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ቅቤ የምትሸጥ ሴት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ባጃጅ ነጂ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ጸሎቱም መዝሙሩም በኦሮምኛ ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ እግዚአብሔር ላይ ስንደርስ እደናቀፋለሁ። አሜን የሚባልበትን ቦታ ግን አውቃለሁ። አንዳንዴ ጸሎቱ ሲረዝም እንቅልፍ ይወስደኝና ከሁሉም በኋላ ብቻዬን አሜን እላለሁ። ማንም አልተቆጣኝም። ከሳምንቱ ቀናት ሰው እንዳገኝ የተወሰነልኝ አንድ ሐሙስ ነበር፤ በእሱ እኖር ነበር።

ዘይት ከሱቅ የጠፋበት ሰሞን፣ ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ስለ ሀገር ኑሮ ተጸለየ። አራተኛው ላይ ሲስተር መጽሐፋቸውን ዘጉ።

"ሦስት ሳምንት ለእግዚአብሔር የስም ዝርዝር ስናቀርብ ነበር" አሉ። "መንግሥት፣ ነጋዴ፣ ዶላር፣ ሽፍታ። ያውቃቸዋል። ዛሬ የሌላ ሰው ስም ያነሳ ሻይ አያገኝም። እያንዳንዳችሁ በዚህ ኑሮ ውስጥ ያላችሁን የራሳችሁን ድርሻ ብቻ ተናገሩ።"

ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማ ነበር። መጨረሻ ላይ ቅቤ የምትሸጠዋ ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

"ቅቤ ላይ ሙዝ እጨምራለሁ" አለች። "ሁልጊዜ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ።"

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነው ሰውዬ ቀና አለ። "ያለፈው ቅዳሜ እኔ ከአንቺ የገዛሁትስ?"

"እሱ ግማሽ ግማሽ ነበር" አለችና አለቀሰች።

ሴቶቹ ተነስተው አቀፏት። ሰውዬውም ቅቤውን ረስቶ ትከሻዋን ያዘ። ከዚያ ተራው የራሱ ሆነ። "ባለጉዳይ ሲመጣ ሲስተም የለም እላለሁ" አለ። "ሲስተም አለ። ድካም ሲጫነኝ ነው። አንድ ሰውዬ ለአንድ ወረቀት ስድስት ቀን አመላልሼዋለሁ።" እሱንም አቀፉት። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ቤንዚን አለቀ እያለ ሰው መንገድ ላይ እያወረደ፣ ሁለት እጥፍ የሚከፍል ሲያገኝ ቤንዚኑ ይመለስለት እንደነበር ተናገረ። ሲስተር ግንባሩን ሳሙት።

እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። ተራው እየቀረበኝ ሲመጣ ሆዴን ማሰስ ጀመርኩ። ምን አጠፋሁ? ምንም የምሸጠው የለኝ፣ የምቀላቅለው የለኝ። የሰው ጉዳይ እጄ ላይ የለ። ስንት ነው ብዬ መጠየቅ ኃጢአት ከሆነ አለቅሁ፤ ካልሆነ ግን ንጹሕ ነኝ። ንጽሕናዬ በዚያች ቤት ውስጥ እንደ ተላላፊ በሽታ ብቻዬን አስቀመጠኝ። ሁሉም ተቃቅፎ፣ ተላቅሶ፣ አፍንጫውን እየጠረገ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። በዚህ በኩል እኔና ወንበሬ ብቻ ቀረን። ትከሻዬን ሰው የነካው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። የሲስተር መርፌ ትዝ አለኝ፤ እሱም ትከሻ አይደለም።

"አንተስ፣ ኢልመ ኮ?"

"ዘይት ደብቄያለሁ" አልኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የሰሞኑ ትልቁ ኃጢአት እሱ ነበርና።

"ስንት?" አሉ ሲስተር።

ወደ ጣራው አየሁ። "ስምንት ጀሪካን።"

"ባለ ስንት ሊትር?"

"ባለ አምስት።"

"የት?"

"አልጋዬ ሥር።" የእኔ አልጋ ሥር ድመት እንኳ ሆዷን ካልሳበች አታልፍም።

መጀመሪያ የተነሳችው ቅቤ ሻጯ ናት። አንገቴን ይዛ አለቀሰች። ቀጥሎ ባጃጅ ነጂው፣ ቀጥሎ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ። ሲስተር ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። እኔም አለቀስኩ፤ እሱ የውሸት አልነበረም። ቤቴ ስገባ ማንቆርቆሪያውን ምንም ሳልለው ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት በሬ ተንኳኳ። ሲስተር ናቸው። ወደ ውስጥ እንዳያዩ በሩን በትከሻዬ ያዝኩት።

"መናዘዝ ግማሹ ነው" አሉ። "ቅቤ ሻጯ ለደንበኞቿ ልትነግር ነው። ባጃጅ ነጂው ልጅ ቅዳሜ ሰው በነፃ ሊጭን ነው። አንተ ደግሞ ዘይቱን ታወጣለህ። ስምንት ቤት መርጫለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እናድላለን።"

"እሺ ሲስተር" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ሌባ አይደለሁም ብላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሐሙስም አብሮ ያልቅ ነበር።

ነቀምት ላይ ልግዛ ብል ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል። ደግነቱ የሲሬ ተራዬ ደርሷል። ልጆቼን ለማየት አዳማ የምሄድበትን ገንዘብ ከመጽሐፍ ውስጥ አወጣሁና ወጣሁ።

የሲሬው ባለሱቅ አሥር ዓመት የማውቀው ሰው ነው። በየወሩ እጠይቀዋለሁ፣ ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ። ዘይት ትንሽ ገብቶለት ነበር።

"ዘይት ስንት ነው?"

ነገረኝ። ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩና "ስጠኝ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ዘይቱን። ስምንት ጀሪካን።"

ክርኑን ከባንኮኒው ላይ አነሳ። "አሞሃል እንዴ ኦቦ?"

ማውረድ ጀመረ። ሦስት ጀሪካን ካወረደ በኋላ ቆመና አዲስ ዋጋ ነገረኝ። ቅጹን አውጥቼ አሳየሁት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"እሱ ለወረቀቱ ነው" አለ። "ወረቀት ስምንት አይገዛም።"

"እኔ እኮ ያው ያ ሰውዬ ነኝ።"

"አይደለህም። ቅድም ጸሐፊ ነበርክ፣ አሁን ነጋዴ ነህ። የምትሠራው ዋጋ ቤት ነው። ስምንት የምትወስደው የሰማኸው ነገር ቢኖር ነው። ነገ ሊጠፋ ነው አይደል?"

"ምንም አልሰማሁም።"

"የሰማ ሰው እንደዚህ ነው የሚለው።"

ስድስተኛው ላይ ደግሞ ጨመረ። ልመና ሞከርኩ፣ ቀልድ ሞከርኩ፣ ሁለቱም አልሸጡልኝም። በዚህ መሃል አንዲት እናት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ገባች። መደርደሪያው ሥር ገና አራት አምስት ጀሪካን እንዳለው እያየሁ "ሂን ጅሩ፣ የለም" አላት። ወጣች። ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ይሄን ያህል ከወሰድክ እኔም ላቆየው እንጂ" አለኝ። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያዋየኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት እየተጨቃጨቀ ነበር። አንዱ መንግሥት ነው ይላል፣ አንዷ ነጋዴው ነው ትላለች፣ ከኋላ ያሉ ሽማግሌ ደግሞ ሥራ መጥላታችን ነው ይላሉ፤ መደማመጥ የለም። ረዳቱ ስምንቱን ጀሪካን አንድ በአንድ ሲያስገባ ጭቅጭቁ ቀስ እያለ ቆመ። ሁሉም አየኝ።

"እንደነዚህ ያሉት ናቸው" አሉ ሽማግሌው።

"እኔስ ምን ስል ነበር" አለች ሴትዮዋ።

መንግሥት ነው ሲል የነበረውም ተስማማ። ሲጣላ የነበረ መኪና በእኔ ታረቀ። በዚህ ሀገር ሰውን ለማስማማት የቻለ ሰው ካለ በዚያ ቀን እኔ ነኝ።

"ስንት ልጅ አለህ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"ሁለት። አዳማ ናቸው።"

"እዚህ ከማን ጋር ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ብቻህን" አለችና ጀሪካኖቹን በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ነቀምት እስክንገባ ማንም አላናገረኝም። ኬላው ላይ ፈታሹ "የማን ነው?" ሲል ሁሉም እጅ ወደ እኔ ተዘረጋ። መታወቂያዬን አሳየሁት። ሥራዬን አነበበና ፈገግ አለ። "ዋጋውን ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ ለካ" ብሎ አሳለፈኝ።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። በዚህ ወር እንደማልመጣ ነገርኳት።

"ገንዘቡስ?"

"ዘይት ገዛሁበት።"

"አንተ እኮ አታበስልም።"

"አላበስልም።"

"እሺ" አለች። እሺ ስትል ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ልጆቹ ተኝተዋል አለችኝ፤ ገና አንድ ሰዓት አልሆነም ነበር።

ቅዳሜ ዘይቱን በባጃጅ ጭነን ከሲስተር ጋር ቤት ለቤት አደልን። ሲስተር በየበሩ ሁሉንም እንደሆነው ተናገሩ፤ ይሄ ሰው ደብቆት ነበር፣ ተጸጽቶ ነው ያወጣው እያሉ። አንዳንዱ መረቀኝ፣ አንዳንዱ ጀሪካኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። የመጨረሻዋ ቤት ግን የፓስቲ ጠባሿ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ስድሳ ያለፈ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ለተማሪ ፓስቲ እየጠበሰች ትኖር የነበረች ሴት ናት። ዘይት አልቀመስ ካለ ወዲህ ሥራውን ትታ ልብስ ታጥባለች። ጀሪካኑን አልተቀበለችኝም። መጀመሪያ ፊቴን አየች።

"አንተ ነህ?" አለች።

"አዎ።"

"አንተ ጋ ነበር?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"እናቴ አትበለኝ። ሁለት ዓመት መጥበሻዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳየው ኖርኩ። አንተ ዘይቱ ላይ ተኝተህ ነበር። አይቆረቁርህም ነበር?"

"ይቆረቁረኝ ነበር።"

"ቆርቁሮህ ተኛህ?"

ሲስተር ወደሚቀጥለው ግቢ ሰላምታ ሊሰጡ ሄዱ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሴትዮዋ ቀጠለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ ሊጥ ታቦካ እንደነበር፣ ተማሪዎቹ በዱቤ እየበሉ በስሟ ይቀልዱባት እንደነበር፣ እጇ አሁን በሳሙና እንዴት እንደተላጠ ነገረችኝ። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ነጋዴውን ልስደብ ብትል ነጋዴው ራሱ እንደሚያለቅስባት፣ ባለሥልጣን ልስደብ ብትል ባለሥልጣኑን አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። "ሰው ሲበድልህ ፊቱን ማየት ትፈልጋለህ" አለች። "ፊቱ እንደዚህ መላጣ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።"

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ፀሐዩ መላጣዬን እያነደደው ነበር፤ አልተንቀሳቀስኩም። ያልሠራሁትን ነው የምትሰድበኝ፣ ግን እኔን ነው የምታየው። ያን ያህል ጊዜ ዓይኔን እያየ ያናገረኝ ሰው የማስታውሰው የሠርጌ ዕለት የመከሩኝን ሽማግሌ ነው። መጨረሻ ላይ ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቃ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሐሙሶች ጥሩ ነበሩ። ወንበሬን ከጥግ ወደ መሃል አመጡልኝ። ሻይ ሲቀዳ የተሰነጠቀው ኩባያ ይደርሰኝ ጀመር፤ ቤተኛ ነው የሚጠጣበት። ቅቤ ሻጯ "ኃጢአተኛው ወንድሜ" ትለኛለች፣ እኔም "ሙዜ" እላታለሁ፤ ሲስተር ሁለታችንንም ይገላምጡናል።

ወሩ ዞረና ሲሬ ተመለስኩ። ባለሱቁ እንደ ድሮው ክርኑን ባንኮኒው ላይ አድርጎ የዘይቱን ዋጋ ነገረኝ። ለስድስተኛው ጀሪካን ያስከፈለኝ ዋጋ ነው።

"አልወረደም?"

"ለምን ይወርዳል? አንተ ከገዛህ ወዲህ ሁሉም ሱቅ በዚሁ ነው።"

ሃያ ዓመት የሰው ጥፋት ስጽፍ ኖሬ በዚያን ቀን የራሴን ጻፍኩ። ቅጹ ለምክንያት የሚሆን ቦታ የለውም፤ ዋጋውን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቢላ ስደርስ ደግሞ ዘይት የሚባል አልነበረም። አንዲት ባለሱቅ ሴት ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ አንድ የነቀምት ትልቅ ነጋዴ ሲሬ ገብቶ በአይሱዙ ሙሉ ጭኖ ስለሄደ፣ ሊጠፋ ነው ብለው ሁሉም ያላቸውን ወደ ጓዳ አስገብተዋል።

"አይታችሁታል?" አልኳት።

"እኔ አላየሁትም። ያዩት ግን ወፍራም ነው ይላሉ።"

እኔ ወፍራም አይደለሁም። ይሄን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሻይ ላይ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ሐሳብ አመጣ። እሁድ ቸርች ውስጥ በትልቁ ጉባኤ ፊት ወጥቼ እንድመሰክር። "የዘይቱን ነገር ሰው ቢሰማ ስንቱ ያለውን ያወጣ ነበር" አለ። ሁሉም ተስማማ። ሲስተር ብቻ ሻይ መቅዳታቸውን አቁመው እኔን አዩኝ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያቅፈኝ ታየኝ። ባዶ ጠርሙሷን ይዛ የወጣችው የሲሬዋ እናትም ታየችኝ።

"ዘይት አልደበቅኩም" አልኩ።

አልገባቸውም። መልሼ ነገርኳቸው። ከሲሬ እንደገዛሁት፣ አልጋዬ ሥር ምንም እንዳልነበረ፣ አሁን ዋጋው እንደጨመረ ሁሉንም ተናገርኩ።

"ታዲያ ለምን?" አለ ሰውዬው።

"ሁላችሁም የምትናዘዙት ነበራችሁ። እኔ አልነበረኝም።"

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ባጃጅ ነጂው ብቻ ሊስቅ ጀምሮ የሰዉን ፊት አይቶ ተወው። ቅቤ ሻጯ ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እኔ እኮ ሙዙን በእውነት ነው የጨመርኩት" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። "ለደንበኞቼ ነገርኳቸው፣ ግማሾቹ ሄዱ። ባሌ እስካሁን በአግባቡ አያናግረኝም። አንተ ግን ስትጫወት ነበር።"

ኩባያዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ቀልደኛ ሰው ቀልዱ ሲያልቅ እንዴት ያስጠላል መሰላችሁ።

ሲስተር እስከ በር ሸኙኝ። "እኔ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት" አሉኝ። "ዘይት የደበቀ ሰው ስንት ሲሉት ጣራ አያይም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ስምንት ቤት ዘይት አልነበረም፣ ኢልመ ኮ።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ሄድኩ። አላባረሩኝም። ሻይ ቀዱልኝ፤ በአበባ ያጌጠውን፣ ከሳጥን የሚወጣውን የእንግዳ ኩባያ ነበር የሰጡኝ። ወንበር ሲያቀርቡልኝ ይቅርታ እያሉ ነበር። ቅቤ ሻጯ ደህና ነህ ወይ አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ሦስት ሐሙስ እንደዚያ ተቀመጥኩና አራተኛው ላይ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ የፓስቲ ጠባሿ ከኋላዬ ጠራችኝ።

"አንተ። ኦቦሌሳ። ና።"

ኦቦሌሳ ወንድም ማለት ነው፤ ግን አጠራሯ የወንድም አልነበረም። የታጠበ ልብስ በሳፋ ተሸክማለች። መሬት ላይ አስቀመጠችውና ወገቧን ያዘች።

"አልደበቅክም አሉ።"

"አልደበቅኩም።"

"ገዝተህ ነው?"

"ገዝቼ ነው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ስሰድብህ ምን ብለህ ቆምክ?"

"አላውቅም" አልኳት። "ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።"

"ሁለት ዓመት የምቆጣው ሰው ሳጣ ኖሬ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር" አለች። "ያን ቀን ገብቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን እሱንም ወሰድክብኝ። ዘይቱም በሁለት ሳምንት አለቀ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ሲሬ ላይ ያስወደድከው ግን አንተ ነህ ይላሉ። ዱጋ? እውነት ነው?"

"እሱ እውነት ነው።"

ሳፋውን አነሳች። ወደ ቤቷ ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ሳትዞር ተናገረች።

"እንግዲያው ቅዳሜ ና። አልጨረስኩም።"